ድስቱ ለምን እንደሚቀየር

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ያሳደጋት ሰው አልበደላትም። «እማማ ትርፌ፣ አያቴ የጻፈችው የምግብ መጽሐፍ በድጋሚ ሊታተም ነው። እርስዎ በልጅነትዎ ከእሷ ጋር እንደ ሠሩ ሰማን። ትዝታዎን በአንድ ገጽ ቢጽፉልን» አለችኝ። «አንድ ገጽ?» አልኋት። «ግማሽም ይበቃል፣ አያስቸግርዎት» አለች። «ከእሷ ጋር እንደ ሠሩ» ያለችው ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረች። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ። እስከ ዛሬ የላክሁላት ነገር የለም። ልጅቱን አልጠላትም፤ ምንም አላደረገችኝም። ለአያቷ መጽሐፍ የማይሆነውን ግን እዚህ እጽፈዋለሁ። የአያቷን ስም አልጠራም። እሷ የእኔን ስም መጻፍ ከብዷት ነበርና የእሷን መጻፍ ለእኔም ይክበደኝ። ወይዘሮዋ እላታለሁ፤ በዚያ ዘመን ሰፈራችን ሁሉ የሚላት እንዲያ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቴሌቪዥን ከፍቼ አንድ ጎረምሳ ዶሮ ወጥ ሲሠራ አየሁ። ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ሽንኩርቱን ጥሩ አድርጎ አቁላላ፤ አልዋሽም፣ እጁ ደህና ነው። ቁሌቱ ሲደርስ ሌላ ድስት አመጣና ገለበጠው። አቅራቢዋ «ድስቱ ለምን ተቀየረ?» አለችው። «የእናቶቻችን ደንብ ነው፤ ጣዕሙ እንዳይሸሽ ነው» አላት። ብቻዬን ሳቅሁ። ደንብ አልነበረም። የአንድ ቤት ነገር ነበር። ከዚያ ቤት ወጥቶ አገር ለአገር እንዲዞር ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ኮልፌ ከተማ ነው ወይስ ገጠር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል አልነበረም። ዛሬ 18 ማዞሪያ በሚባለው ቦታ ታክሲ ስጠብቅ የማየው ሱቅ ላይ ሱቅ፣ ፎቅ ላይ ፎቅ ነው። ያኔ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከባሕር ዛፉ ሥር የጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ ፊት ጎመን። ቀይና ቢጫው አውቶቡስ ከጦር ኃይሎች ወዲህ ሲመጣ መንገዱ ላይ ፍየል ከተኛች ሹፌሩ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል፤ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ሳንቲም የከፈልን ሰዎችም ፍየሏ እስክትነሣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ደህና ዶሮ ከአንድ ብር የማያልፍበት፣ እንቁላል በአምስት ሳንቲም ሁለት፣ አፍ ላለው ሰው ደግሞ ሦስት የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ልጃገረዶች ጉርዳቸውን ከጉልበት በላይ ማሳጠር የጀመሩት ያኔ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ያሳጠረች ልጅ ካለች ጨርቁ አልበቃት ብሎ ነው።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ጣሳና ጠርሙስ የሚነግድ ሰው ነበር። ያልተሸጠለትን ማታ ማታ ይዞ ይገባል። ቤታችን ውስጥ ጣሳ ያልሆነ ዕቃ አልነበረም፤ ጨዉ በጣሳ፣ በርበሬው በጣሳ፣ ውኃ የምንቀዳው በጣሳ። እናቴ ብርነሽ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። ከኮልፌ እስከ ዘነበወርቅ ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት እሷን ያናግር ነበር። ማንበብ አትችልም። በዚህ ስታፍር አይቻት አላውቅም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ያልሁ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አንድ በሽታ ነበረብኝ፣ «ስንት ነው?» ማለት።

«እማዬ፣ በርበሬው ስንት ነው?»

«እስኪበቃው።»

«ሲበቃው በምን ታውቂያለሽ?»

«ቀዩ ሲከብድ ነዋ።»

ቀይ እንዴት ይከብዳል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሣኝ ልጅ ነበርሁ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርሁ። እናቴ በርበሬ ልትጨምር እጇን ስትዘረጋ ከሥር የቲማቲም ድልህ ጣሳ እደቅንባታለሁ። «እጄን ልትሰፍሪው ነው?» እያለች ትስቃለች፤ ግን አትከለክለኝም። የእናቴ አንድ እፍኝ በርበሬ አንድ የድልህ ጣሳ ሙሉና ጥቂት ነው። ቅቤው ግማሽ የዱቄት ወተት ጣሳ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ስታቁላላ ጆሮዋን ወደ ድስቱ ዘንበል ታደርጋለች፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ ዝም ሲል ቅቤ ይፈልጋል ትላለች። እሱንም ጻፍሁ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ፤ በአንድ በኩል የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ገልብጬ በሌላው በኩል የእናቴ እጅ። ዛሬ ሦስት የምግብ መጻሕፍት ጽፌአለሁ፤ ሥራዬ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚያ ደብተር የተለየ መልስ የለኝም። ሌላ ሰው እጅ ሥር ጣሳ መደቀን ነው።

አልሰፈር ያለኝ ጨዉ ብቻ ነበር። የፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሠራው በቅዳም ሹር፣ ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ በቀረው ጾም መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ አክፋይ ነበረች፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ቅቤ የገባበትን ቁሌት መቅመስ የሚታሰብ አይደለም። ቤት ውስጥ ያልጾመ ሕፃን አይጠፋም፤ እሷ ግን «ሕፃን ምን ያውቃል? ስኳር ካልሆነ ሁሉ ጨው የበዛበት ይመስለዋል» ትላለች። ስለዚህ ጨው የሚቀምሱልን እትዬ ዘይነባ ነበሩ።

እትዬ ዘይነባ ከአጥራችን ወዲያ ያሉ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸውም ከእኛው አገር ናቸው፤ ከእናቴ ጋር በአገራቸው ቋንቋ ሲያወሩ እኔ ግማሹን ብቻ እሰማ ነበር፤ የሚሳቅበት ሁልጊዜ የማልሰማው ግማሽ ነው። ኮልፌ ገበያ ቅቤ ይነግዱ ነበር። ድንች የተቀላቀለበትን ቅቤ በምላሳቸው ጫፍ ነክተው «ይህን ወስደሽ ቀቅለሽ ብዪው» የሚሉ ሴት ናቸው። እናቴ ቁሌቱ ሲደርስ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ «ዘይነባ! ነይ ጨው ቅመሽልኝ!» ብላ ትጣራለች። በአጥሩ መካከል ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ነበረ፤ እሳቸው በዚያ ይገባሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እናቴ መዳፋቸው ላይ ጠብ ታደርግላቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀምሱና ብዙ ቆይተው «ጨምሪ» ወይም «በቃ» ይላሉ። ቶሎ አይመለሱም ነበር፤ ጥሩ ወሬ ካለ ዶሮው ሁሉ ተገነጣጥሎ እስኪያልቅ ይቆያሉ።

የድስቱ ነገር ይኸው ነው። ቁሌቱ የሚቁላላበት ድስት ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ነው። እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፤ የእኛ ሥጋ የገባበት ድስትም በአፋቸው እንዲደርስ እናቴ አትፈልግም ነበር። ያንን ድስት ለብቻው ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ እትዬ ዘይነባ ቀምሰው ካበቁ በኋላ ቁሌቱን ወደ ትልቁ ድስት ትገለብጥና ዶሮው እዚያ ይገባል። እኔም እንዳየሁት ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፦ «ጨው፦ እትዬ ዘይነባ በቃ እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ድስት ቀይሪ።» ጨዉን አንድ ቀን በጣሳ ሰፍሬ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። አላስተካከልሁትም።

ወይዘሮዋ የመጣችው በጥር፣ ለአንድ ሠርግ ተጠርታ ነው። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የቤት አያያዝ ታስተምራለች፤ በአንድ ጋዜጣም በየሳምንቱ የሴቶች ገጽ ትጽፋለች። ፀጉሯን ወደ ላይ ቆልላ ተሠርታ፣ ባለ ታኮ ጫማዋን ከጭቃው እያነሣች ድግስ ወጥ ቤት ድረስ ገባች። ሴቶቹ ሁሉ ጭልፋቸውን ይዘው ቆሙ።

«ይህን ዶሮ ወጥ የሠራው ማን ነው?»

እናቴን ጠቆሟት።

«እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«በእሳት» አለች እናቴ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወይዘሮዋም ሳቀች፤ መሳቅ ታውቅ ነበር፣ ይህን አልነፍጋትም። ከዚያ በጥጉ እኔን ከነደብተሬ አየችኝ። ወሰደችና ገለጥ ገለጥ አደረገችው። እስከዚያ ቀን ያንን ደብተር ሰው አንብቦት አያውቅም። «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው? በጣሳ?» አለችኝ። ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ደብተሩን ስጪኝ፣ ገጼ ላይ አወጣዋለሁ፣ ከሥሩ ስምሽ ይጻፋል አለችኝ። መስከረም ላይ ደግሞ የቤት አያያዝ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፤ አዳሪ ነው፣ በነፃ ነው፣ መርጬ የማስገባው እኔ ነኝ። ሰጠኋት። ለሰፈሩ ሁሉ ስሜ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው ብዬ አወራሁ። የትምህርት ቤቱ ልጆች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ለበስሁት! አንገትጌው እንዴት እንደሚተኮስ ሁሉ ወስኜ ነበር።

ጽሑፉ የወጣው በቅበላ ሳምንት፣ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሥጋ በሚሰናበትበት ጊዜ ነው። አባቴ ከመርካቶ ጋዜጣውን ይዞ መጣ። ከላይ የወይዘሮዋ ፎቶግራፍ፣ ከሥር የወይዘሮዋ ስም። እስከ ታች ድረስ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፤ የእኔ የለም። የእናቴም የለም። ጣሳዎቼ ግን አሉ። ድልሁም፣ ዱቄት ወተቱም፣ ጆሮ ዘንበል ማድረጉም አለ። ወይዘሮዋ ደብተሩን በደንብ ሳታነበው ለጽሕፈት ሠራተኛው ሰጥታው መሆን አለበት፤ ምክንያቱም እዚያው መሐል፣ በጥሩ ፊደል፣ «ጨው፦ እትዬ ዘይነባ በቃ እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ድስት ቀይሪ» የሚለው እንዳለ ወጥቷል።

አንባቢ ዝም አላለም። በቀጣዩ ሳምንት ገጹ ላይ እንደ ታተመው ከሆነ ብዙ ሴቶች ደብዳቤ ጽፈዋል። አንዷ ዘይነባ የሚባል ሰዓት አለ ወይ ብላለች። ሌላዋ እትዬ ዘይነባ የት ነው የሚገኙት፣ ለልጄ ክርስትና እፈልጋቸዋለሁ ብላለች። ወይዘሮዋ መልስ መስጠት ነበረባት፤ ሰጠችም። «ዘይነባ ወጥ ቤቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገለችኝ ታማኝ ሠራተኛዬ ናት። ድስት የሚቀየረውም ጣዕሙ እንዳይሸሽ ነው» ብላ ጻፈች። ይህንኑ በኋላ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። ባለ ነጭ ኮፍያው ልጅ ያገኘውም ከዚያ መሆን አለበት።

የእትዬ ዘይነባ ባል ጋሽ ሸሪፍ ገበያው ውስጥ በመኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማሽናቸው አጠገብ ሥራ ፈቶች ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነባሉ። «ሸሪፍ፣ ምነው ሚስትህን ገረድነት ስታስቀጥር ሳትነግረን?» አሏቸው። «ደሞዟን አንተ ነህ የምትቀበለው?» አሏቸው። ጋሽ ሸሪፍ የሰፉትን ሱሪ ከመርፌው ሥር ሳያወጡ ተነሥተው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ያ የአጥሩ ክፍተት በእሾህና በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘግቶ ተገኘ። እናቴ ውኃ ልትደፋ ወጥታ አየችው። ውኃውን ሳትደፋ ጣሳውን እንደያዘች ተመለሰች። ከዚያ ገባችና «ምን ነበር የጻፍሽው? አንብቢልኝ» አለችኝ።

በነጋታው ወይዘሮዋ ቤት ሄድሁ። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለ ቀይ ጣራ ቪላ ነው። ሳሎን አስገብተው አላስቀመጡኝም። ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ራዲዮኗ ለስለስ ያለ ዘፈን ይጫወታል።

«ስሜ የለም» አልኋት።

«ቦታ አልበቃቸው ይሆናል።»

«ለእትዬ ዘይነባ ግን በቅቷል። ሠራተኛዬ ናት ብለዋል። ጎረቤታችን ናቸው፤ የማንም ሠራተኛ አይደሉም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? እስላም ጎረቤት የሌላችሁ ዶሮ ወጥ እንዳትሠሩ ልበል?»

«ያስተካክሉልን፤ አጥራቸውን ዘግተውብናል።»

«ትርፌ፣ ጋዜጣ የኮልፌ አጥር ማጠሪያ አይደለም» አለችኝ። ሲኒዋን አስቀመጠች። «ስሜ ስሜ ትያለሽ። ምን ሠርተሽ ነው? ወጡን የሠራችው እናትሽ ናት። እናትሽም ከእናቷ ነው የተማረችው። አንቺ በጣሳ ሰፈርሽ። ጣሳ ይፈርማል እንዴ?»

ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳኘክኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እውነት አላት? ወጥ የማን ነው? እናቴ ከእናቷ፣ እናቷ ከማን? ዛሬም መጽሐፍ በጻፍሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሣብኛል፤ በየገጹም እጇን የሰፈርሁባትን ሴት ስም ከላይ አስቀምጣለሁ። እስካሁን ያላገኘሁት ግን የሌላውን መልስ ነው፤ የሰፈረው የማይፈርም ከሆነ፣ ቁሌት አጠገብ ደርሶ የማያውቀው በየት በኩል ፈረመ? ወይዘሮዋ ሀብት ነበራት፣ ስም ነበራት፣ ትምህርት ነበራት። የአንዲት የኮልፌ ልጅ ስም ከሥር ቢጨመር ምን ይጎድልባት ነበር? ክፉ ስለ ነበረች ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አይመስለኝም። አንድም ቀን ያላሰበችበት ይመስለኛል፤ ይህ ነው ይቅር ለማለት የሚያስቸግረኝ።

ልወጣ ስል «መስከረም ሩቅ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ የሄድሁት እትዬ ዘይነባ ቤት ነው። አጥሩ ስለ ተዘጋ በመንገድ ዞርሁ። ጋሽ ሸሪፍ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። እትዬ ዘይነባ ቅቤ በኮባ እየጠቀለሉ ነበር።

«ይዘሽዋል?» አሉኝ። ጋዜጣዎቹን ማለታቸው ነው። «ሌላ ሰው ያነበበውን ነው የሰማሁት። አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብሁላቸው። ሁለቱንም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «ሠራተኛዬ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት፤ «ቀጥዪ» አሉኝ።

ስጨርስ «ማን ነው ይህን የጻፈው?» አሉ።

«ወይዘሮዋ ናት።»

«እሱን አይደለም። ስሜን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅሁም።»

ኮባውን አሰሩ። «እንግዲያው አንቺው መልሺው። ወጥቶ የሄደው በወረቀት ነው፤ በወረቀት ይመለስ። የራስሽንም ስም ከሥር አድርጊ፣ ማን እንዳለው ይታወቅ።»

ወይዘሮዋን ስከስስ የዋልሁት እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ የራሴንም በር ሲያንኳኳ ሰማሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት፦ ከጻፍሁ ትምህርት ቤቱ ቀረ፣ ካልጻፍሁ አጥሩ እንደ ተዘጋ ነው። እሷ ምስር እየለቀመች ነበር። «እኔ ጻፊም አትጻፊም አልልሽም» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፣ ምን እንደሚቀርብሽ አላውቀውም። ዘይነባን ባጣ ምን እንደሚቀርብኝ ግን አውቀዋለሁ።»

ጻፍሁ። አራት ገጽ ሆነ። ስለ ሰማያዊው ደብተር፣ ስለ እናቴ እጅ፣ ስለ ጣሳው፣ ድስቱ የሚቀየረው ለእትዬ ዘይነባ ክብር እንጂ ለጣዕም እንዳልሆነ። ስሜን ከነአባቴ ስም፣ ሰፈሬንም ጨምሬ ጻፍሁ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ሸራ ጫማዬን ነጭ ጠመኔ ቀብቼ በአውቶቡስ ጋዜጣው ቤት ሄድሁ። የበሩ ዘበኛ ፖስታውን አገላብጦ አየና «የፍቅር ከሆነ ሰውየው ባለ ትዳር ነው» አለኝ። «የዶሮ ወጥ ነው» አልሁት። «እሱስ ያስገባል» ብሎ አሳለፈኝ።

በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ወጣ። ከአራቱ ገጽ የቀረው ይህ ነው፦ «ወይዘሮ ዘይነባ የማንም ሠራተኛ አይደሉም። የተከበሩ ነጋዴና ጎረቤታችን ናቸው። በፊት የወጣው ስሕተት ነው።» ከሥሩ ስሜ። ገጹ ግርጌ ላይ፣ ከሳሙና ማስታወቂያ በታች። የድስቱን ነገር ቆርጠው ጥለውታል፤ ስለዚህ እነሆ እስከ ዛሬ አገሩ ሁሉ ድስት ይቀይራል። በስሜ የታተመ የመጀመሪያ ጽሑፌ ያ ነው። ወይዘሮዋ ቃል አልተነፈሰችም። መስከረም ላይ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሄጄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አልነበርሁም። ደብተሬንም አልመለሰችልኝም፤ ልጅቱ ስትደውል የአያቷ ሣጥን ውስጥ አንድ ሰማያዊ ደብተር እንዳለ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። እንዴት ተምሬ እዚህ እንደ ደረስሁ የራሴ ጉዳይ ነው።

ጋዜጣው ሲወጣ ጋሽ ሸሪፍ ማሽናቸው አጠገብ ሦስት ጊዜ አስነብበውታል ተባለ። አጥሩ ግን አልተከፈተም። ይቅርታ ከታተመ እሾሁ በራሱ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ፣ ሆሣዕና አለፈ፣ እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ ሲያገኙን «እንዴት ናችሁ» ይላሉ፣ «ደህና ነን» እንላለን፤ ሌላ ቃል የለም።

ቅዳም ሹር ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ በራሷ አስራ መጣችና እሳት አነደደች። ያንን ለብቻው የሚቀመጠውን ድስት አወረደችው። ሽንኩርቱ ተንጫጫ፣ አጉረመረመ፣ ዝም አለ። ቅቤ ገባ፣ በርበሬ ገባ። ቀዩ ሲከብድ ዓይኔ ያየው ያኔ ነው። ቁሌቱ ደረሰ። እናቴ እንጨቱን ከሥር ሳብ ሳብ አድርጋ እሳቱን አበረደች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በር ላይ ወጥታ አልተጣራችም። ትልቁ ድስት አጠገቧ አለ፤ አልገለበጠችም። ቁሌቱ ዳር ዳሩን መርጋት ጀመረ።

«ልጥራቸው?» አልኋት።

«እኔ አላልሁሽም።»

በመንገድ ዞሬ ሄድሁ። እትዬ ዘይነባ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ወደ እኛ ቤት ጭስ እያዩ ነበር። ሲያዩኝ ዞር አሉ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«አይደለም፤ ራሴ ነኝ። ቁሌቱ ደርሷል። እየረጋ ነው። እማዬ ጨዉን ሳታውቅ መገልበጥ አልቻለችም።»

ሳቁ። ከቅበላ ወዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። «ብርነሽ ጨው አታውቅም? ይኸው ስንት ዓመት ሆነ፣ እናትሽ በጨው አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

«ኧረ! ጨምሪ ይሏት የለም እንዴ?»

«ሁልጊዜ በቃ ማለት ያሳፍራላ! ቀማሽ ተብዬ ተጠርቼ።»

«ታዲያ የምትጠራዎት ለምንድን ነው?»

ሞኝ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ። «እንድመጣ ነዋ!»

ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። ወደ አጥሩ አየት አደረጉና «በዚህ ብገባ እሾሁ ከሸሪፍ ጋር ያጣላኛል፤ በመንገድ እንዙር» ብለው ቀደሙኝ።

እናቴ የእግራቸውን ድምፅ ሰምታ ቀና አላለችም። እሳቱን ብቻ ገፋ አደረገችው። «መጣሽ?» አለች። «መጣሁ» አሉ። እጃቸውን ታጠቡና መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠብ አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ፤ ብዙ ቆዩ።

«ትንሽ ጨምሪ» አሉ።

እናቴ እጇን ወደ ጨዉ ጣሳ ሰደደች። ሦስት ጣቷን አጣብቃ መለሰችና ድስቱ ላይ በደንብ አድርጋ ነሰነሰች፤ አማሰለች። እኔ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ጣሳም ደብተርም ሳልይዝ፣ ከታች ወደ ላይ እያየሁ ነበር። በጣቶቿ መካከል አንዲት ቅንጣት ጨው አልነበረችም።

እትዬ ዘይነባ እንደገና ቀመሱ።

«አሁን ልክ ሆነ» አሉ።